ያረጀ ኮምፒውተር ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት

ዕቃ ቤቱን ስንከፍት 23 ዴስክቶፕ፣ 9 ላፕቶፕ፣ ከኋላቸው የሚወፍሩ 6 የድሮ ሞኒተሮችና ማንም ያልቆጠራቸው ኪቦርዶች ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው። በሩን ተደግፈው "ልጄ፣ በአንድ መኪና አስጭነሽ ገላግይኝ" አሉኝ። "እሺ ጋሼ፣ ግን በአንድ መኪና አይሆንም" አልኳቸው። ሳቁ፤ የቀለድኩ መስሏቸው ነበር። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ዕቃዎቹም የወጡት በአራት የተለያየ መንገድ ነው።

እዚህ የምጽፈው ያንን ሥራ እንዴት እንደሠራነው ነው። እናንተ ያላችሁ አልጋ ሥር የተረሳ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው። የሞተ ኮምፒውተር አንድ ዕቃ አይደለምና። አንዱ ክፍሉ ምስጢራችሁን ይዟል፤ አንዱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ አንዱ ለሌላ ሰው ይጠቅማል፤ የቀረው ብረትና ፕላስቲክ ነው። ክፍሎቹን ሳትለዩ ከሰጣችሁት ምስጢሩም እሳቱም አብሮ ይሄዳል።

በእርግጥ ሞቷል?

"አይሠራም" ከተባሉት 23 ዴስክቶፖች 7ቱ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ሥራ ተነሥተዋል። የጥገና ጉብዝና አይደለም። አንዱ ከኋላው፣ ፓወር ሳፕላዩ (ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ላይ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ ጠፍታ ነበር፤ በቃ፣ ሌላ ምንም አልነበረውም። ሦስቱ ራማቸው (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ቀጭን ሰሌዳ) ከቦታው ላላ ብሎ ነው፤ አውጥቼ ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጌ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሼ ገጠምኩት። ሁለቱ ደግሞ የማዘርቦርዳቸው (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ባትሪ አልቆ ሰዓታቸውን የረሱ፣ ገና ሲበሩ አንድ መልእክት ላይ ተገትረው የሚቀሩ ነበሩ። ያቺ ባትሪ ሲአር2032 ትባላለች፤ ሳንቲም የምታክል፣ ባለ 3 ቮልት። ሰባተኛውን ምን እንዳዳነው እስካሁን አይገባኝም፤ አቧራውን አራግፌ ሰካሁት፣ ተነሣ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት በሌላ ገመድና በሌላ ሶኬት ሞክሩት። ሌላ ሞኒተር ግጠሙለት፤ የሞተው ሞኒተሩ ሆኖ ኮምፒውተሩ በከንቱ የተወነጀለበትን ጊዜ ብዙ አይቻለሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወልቅ ከሆነ አውልቁ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙና ከዚያ በቻርጀሩ ብቻ አስነሡት። ዴስክቶፑን ስትከፍቱ ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትን ትንንሽ ሲሊንደሮች፣ ካፓሲተር የሚባሉትን፣ አናታቸውን እዩ። ጠፍጣፋ መሆን አለበት። አብጦ ወይም ቡናማ ነገር አንጠባጥቦ ካገኛችሁት በሽታው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የተሠሩ ኮምፒውተሮች በዚህ በሽታ በገፍ አልቀዋል፤ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጥራት የጎደለው ነበር። ነቅሎ የሚተካ እጅ ያለው ሰው ካላችሁ ይድናል፤ ከሌላችሁ አትልፉ።

ግማሽ ሰዓት ሰጥቼው ያልተነሣውን ጎኑ ላይ በማርከር "ሞቷል" ብዬ እጽፍበታለሁ። አንጀቴ አልቆርጥ ብሎኝ ሙሉ ቀን የፈጀሁባቸው ማሽኖች አሉ፤ አንዳቸውም አላመሰገኑኝም።

ምስጢሩ ያለው ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ነው

ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት በውስጡ ያለው መረጃ ሞተ ማለት አይደለም። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ፣ ስክሪኑ ተሰብሮ ወይም ውሃ ፈስሶበት ሊሆን ይችላል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። እሱን ፈትቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ካቻቢቴ ለያዘ ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዓመታት በፊት ለመለዋወጫ ብዬ አንድ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ፎርማት ተደርጓል፣ ባዶ ነው። ማታ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር ለጨዋታ ያህል፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ነፃ ፕሮግራም አስነሥቼበት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ ከ11,000 በላይ ፋይል ደርድሮ ጠበቀኝ። የአንድ ቤተሰብ ፎቶ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ ፊርማ ያረፈበት የደመወዝ መክፈያ። በእጅ ተጽፎ ስካን የተደረገ ደብዳቤም ነበር፤ ሁለት መስመር አንብቤ አፍሬ ዘጋሁት። ሰዎቹ እኮ ዲስኩን "አጽድተው" ነው የሸጡት።

ፈጣኑ ፎርማት የሚያደርገው ይህን ነው። መዝገብ ቤት አስቡ። ጸሐፊዋ የትኛው ፋይል የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገረውን መዝገብ ቀድዳ ጣለች፤ ፋይሎቹ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም። ጊዜ ያለው ሰው መደርደሪያውን አንድ በአንድ እያየ ሁሉንም ያገኛቸዋል። ይህ የሚደርሰው በኔ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ተማሪዎች የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች በትክክል ጸድተው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ፤ ከቀሩት ውስጥ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር አውጥተዋል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል እንሂድ። መጀመሪያ የምትፈልጉትን ገልብጡ፤ ከገለበጣችሁ በኋላ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩ። ይህን የምለው ተምሬበት ነው። አንድ ባልደረባዬ "ሁሉንም ወደ ፍላሽ ገልብጫለሁ" አለኝና ዲስኩን አጸዳሁለት። በማግስቱ ፍላሹን ሲከፍት የገለበጠው ዴስክቶፑ ላይ ያሉትን የአቋራጭ ምልክቶች ብቻ ኖሯል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎባይት የማይሞሉ። የአራት ዓመት ሥራው የለም። እኔም አልዳንኩም፤ ፍላሹ ላይ ያለውን መጠን አንዴ ብመለከት ኖሮ ይገባኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት አራት ፋይል ከቅጂው ተከፍቶ በዐይኔ ካላየሁ ዲስክ አልነካም።

ቀጥሎ ከአካውንቶቻችሁ ውጡ። በተለይ የአፕል ኮምፒውተር ከሆነ ከአይክላውድ ሳትወጡ ከሰጣችሁት ተቀባዩ እጅ ላይ የተቆለፈ ብረት ይሆናል። ማሽኑ የማይበራ ከሆነ ከስልካችሁ ወይም ከሌላ ኮምፒውተር ገብታችሁ ከመሣሪያዎቻችሁ ዝርዝር ላይ አስወግዱት።

ከዚያ ማጽዳት። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ በዜሮ መሙላት ይበቃል። "35 ጊዜ መደምሰስ አለበት" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1996 ለዚያ ዘመን ዲስኮች ከቀረበ ጽሑፍ የመጣ ነው። የአሜሪካ የስታንዳርድስና ቴክኖሎጂ ተቋም 800-88 በሚባለው መመሪያው ለዛሬ ሃርድ ዲስኮች አንድ ዙር በቂ እንደሆነ ይናገራል። ዊንዶውስ ላይ ዲስኩን ፎርማት ስታደርጉ "ፈጣን" ከሚለው ላይ ምልክቱን ካነሣችሁት ሙሉውን በዜሮ ይሞላዋል። ኮምፒውተሩን ራሱን መጀመሪያ እንደተገዛበት መመለስ ከፈለጋችሁ "ሁሉንም አስወግድ" የሚለውን መርጣችሁ ውስጡ "ዳታውን አጽዳ" የምትለዋን ማብራት አትርሱ፤ ሳይነካ የሚታለፈው እሷ ናት። እኔ የምጠቀመው ከፍላሽ የሚነሣውን ሽሬድኦኤስ ነው። አንድ ቴራባይት ዲስክ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች የተሰካውን ዲስክ ሁሉ ደርድረው ያሳያሉ፤ ቅጂያችሁ ያለበት ዲስክ አብሮ ተሰክቶ ከሆነ በአንድ የተሳሳተ ቁልፍ ይሄዳል። የማይጠፋውን ነቅላችሁ ብትጀምሩ ይሻላል።

ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ሳህን የሌለውና መረጃውን በቺፕ የሚይዘው ዲስክ፣ ሌላ ነገር ነው። እሱ እንዳያልቅ ጽሑፉን በየጊዜው ቦታ እያቀያየረ ስለሚያስቀምጥ፣ እኛ የማናየው ትርፍ ቦታም ስላለው፣ በላዩ ላይ መጻፍ ሁሉንም አይደርስም። የአምራቹን ፕሮግራም ወይም ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም) ውስጥ ካለ "ሴኪዩር ኢሬዝ" የሚለውን ተጠቀሙ። ቀድሞውኑ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የራሱ ማመስጠሪያ፣ የተመሰጠረ ከነበረ ሥራው ቀላል ነው፤ ቁልፉ ሲጠፋ የቀረው ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። የቅርብ ጊዜ የአፕል ኮምፒውተሮችም በዚሁ መንገድ፣ "ሁሉንም ይዘትና ቅንብር ደምስስ" በሚለው በደቂቃዎች ይጸዳሉ።

ዲስኩ ራሱ ሞቶ፣ ምንም ፕሮግራም የማያየው ከሆነ መስበር ነው ያለው። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያሉት ብሎኖች የኮከብ ጥርስ ያላቸው ናቸው፤ ቲ8 ወይም ቲ6 ካቻቢቴ ያስፈልጋል። አንዷ ብሎን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከወረቀቱ ሥር ተደብቃለች፤ "አልከፈት አለኝ" ካላችሁ ወረቀቱን በጣታችሁ ዳብሱት፣ ጎድጎድ የምትለው ቦታ ላይ ናት። ውስጡ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህን ታገኛላችሁ። የዴስክቶፕ ዲስክ ሳህን አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው፤ ይጎብጣል። የትንሹ የላፕቶፕ ዲስክ ግን ብዙ ጊዜ መስታወት ነው። ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን በመዶሻ መታሁት፤ ፍንጣሪው እጅጌዬ ውስጥ ገብቶ ማታ ልብሴን ሳወልቅ ነበር ያገኘሁት። ዐይኔን ያተረፈው የማንበቢያ መነጽሬ ነው። እናንተ የመከላከያ መነጽር አድርጉ፣ ዲስኩን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉና ከዚያ ምቱት፤ ወይም ሳትከፍቱት በድሪል ሳህኑ ያለበት ቦታ ላይ ሦስት አራት ቀዳዳ አሳልፉበት። ውስጡ ያሉት ሁለቱ ማግኔቶች ጣት የመቆንጠጥ ጉልበት አላቸው፤ ልቡ ላይ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አጠገብ አታስቀምጧቸው። እኔ ብሎን እንዳይጠፋብኝ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ኤስኤስዲ ከሆነ ሽፋኑን መጨፍለቅ ዋጋ የለውም፤ ቦርዱ ላይ ያሉት ጥቁር አራት ማዕዘን ቺፖች እያንዳንዳቸው መሰበር አለባቸው። በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ማስቀመጫው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ሊሆን ይችላል። የሚወልቅ ነገር ካላገኛችሁ "ዲስክ የለውም" ብላችሁ አትለፉት።

ዲስኩን በእሳት አታቃጥሉት፣ አሲድም አያስፈልገውም።

ሳትረሱ የሲዲ ማጫወቻውንም ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ባይበራም ፊቱ ላይ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የተቃና የወረቀት ክሊፕ ስትገፉ መሳቢያው ብቅ ይላል። ከ23ቱ ውስጥ 5 ሲዲ አወጣሁ፤ አንዱ ላይ በማርከር "የሠራተኞች ፋይል፣ ጥብቅ ምስጢር" ተብሎ ተጽፎበታል። የካርድ ማስገቢያውን እዩ። ትልልቆቹ የቢሮ ፎቶ ኮፒ ማሽኖችም ውስጣቸው ሃርድ ዲስክ ሊኖር ይችላል።

እጅ የሚያሳርፉ ነገሮች

ከ9ኙ ላፕቶፖች አንዱን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ተንቀጠቀጠ። አራቱም እግሩ አልተቀመጠም። ገልብጬ አየሁት፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ ከላይ ጣት የሚንሸራተትበት ሰሌዳም ከአንድ ጎኑ ተነሥቷል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ካቻቢቴውን በስንጥቁ ሊያስገባ ሲል እጁን ያዝኩት። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ማለት ውስጡ ጋዝ የሞላ ከረጢት ነው። ብረት ከነካው፣ ከተጣመመ ወይም ከተበሳ ራሱን በራሱ እያጋለ ይነዳል፤ ጭሱም መርዛም ነው።

ያበጠ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበራም። ባትሪው በብሎን ብቻ የተያዘ ከሆነና በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ማገናኛውን ንቀሉ፣ ከዚያ ሳታጣምሙ አንሡት። በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ አትታገሉት፤ ላፕቶፑን እንዳለ ተዉትና "ያበጠ ባትሪ" ብላችሁ ጽፋችሁበት ለባትሪ ተቀባይ ስጡ። እኔ ያንን ላፕቶፕ ደረቅ አሸዋ ያለበት የብረት ባልዲ ውስጥ አስገብቼ ሊወሰድ እስኪችል ከሕንፃው ውጪ፣ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት። ጭስ ካያችሁ ሰዉን አስወጡ፣ በሩን ዝጉ፣ እሳት አደጋ ጥሩ።

ያላበጡትም ቢሆኑ ከቆሻሻ ጋር አይጣሉም፤ የቆሻሻ መኪና ሲጨፈልቃቸው ነው እሳት የሚነሣው። የባትሪውን የብረት ጥርሶች በናስትሮ ሸፍኑ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጉ። ያቺን የሳንቲም ባትሪም በሁለት ፊቷ ናስትሮ ለጥፉባት። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች፤ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሂዱ። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ሣጥን) ባትሪ ደግሞ አሲድና እርሳስ ነው፣ መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው። ሳይሰነጠቅ፣ ሳይገለበጥ ይሂድ።

ፓወር ሳፕላዩን አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የኮምፒውተሩን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊትም ገመዱን ንቀሉና ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ።

ከኋላው የሚወፍረውን ሞኒተር ከቶ አትክፈቱት። በሚሠራበት ጊዜ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚያስተናግድ ነገር ነው፤ ከተነቀለም በኋላ ይዞ ይቆያል። መስታወቱ ውስጥ በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ አለ፤ ውስጡ አየር አልባ ስለሆነም ሲሰበር ፍንጣሪው ይበተናል። ስትሸከሙት ስክሪኑን ወደ ደረታችሁ አድርጉ፤ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው። ስድስቱን ለመውሰድ ፈቃደኛ የሆነ ለማግኘት ብቻ አንድ ሳምንት ደውለናል። ቀጫጭኖቹ ሞኒተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የድሮዎቹ ከስክሪኑ ኋላ ሜርኩሪ ያለባት ቀጭን የመብራት ቱቦ አላቸው፣ የኋለኞቹ ኤልኢዲ ስለሆኑ የላቸውም። ቱቦዋ ከተሰበረች መስኮት ከፍታችሁ ውጡ፣ ስብርባሪዋንም በመጥረጊያ አትጥረጉ።

"ወርቅ አለው ይባላል፣ አይደል?" ብሎ የማይጠይቀኝ የለም። አለው። ለቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ጃፓኖች 79,000 ቶን የሚጠጋ አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሰብስበው፣ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ ሞባይሎችን ጨምሮ፣ 5,000 ለሚሆኑት ሜዳሊያዎች ያገኙት ወርቅ 32 ኪሎ ነው። አካፍሉት፤ ለአንድ ቶን ግማሽ ግራም እንኳ አይደርስም፣ ያውም በፋብሪካ። ጓሮ ውስጥ በአሲድ የሚያነጥር ሰው የሚያተርፈው ሳንባውን ማቃጠል ነው። መዳብ ለማውጣት ኬብል የሚያቃጥለውም ከፕላስቲኩ ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ ለሰፈሩ ሁሉ ያድላል።

ስጦታና ቆሻሻ ማሻገር

አሁን ወደምናደድበት ደረስኩ። አንድ ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት "ኮምፒውተር ተሰጥቶናል፣ ነይና አስተካክዪልን" ብሎ ጠራኝ። 12 ማሽኖች ክፍሉ ውስጥ ተደርድረዋል፤ መምህራኑ ጠረጴዛውን ሳይቀር ወልውለው ጠብቀውኛል። አምስቱ ሃርድ ዲስክ የላቸውም። ሦስቱ ባዮሳቸው በይለፍ ቃል ተቆልፏል፣ የሚያውቀው ሰው ሥራ ለቋል። ሁለቱ ጨርሶ አይበሩም። ሁለት ቀሩ፤ እነሱም የኤሌክትሪክ ገመድ አልመጣላቸውም። ሰጪው መሥሪያ ቤት ፎቶ ተነሥቶ ሄዷል። ትምህርት ቤቱ በመጨረሻ አሥሩን ለማስወገድ ከራሱ ኪስ ከፈለ።

ስለዚህ የኔ ደንብ ይህ ነው። መጀመሪያ ደውላችሁ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ፤ "አንፈልግም" ካሉ አትከፉ። ለመጠቀሚያ የምትሰጡት የሚበራ፣ የተሟላ፣ ሳይቋረጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሠርቶ ያያችሁትን ብቻ ነው። የባዮሱን ይለፍ ቃል አንሡ። የላፕቶፑን ቻርጀር ከራሱ ከላፕቶፑ ጋር እሰሩት፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልትና አምፔር፣ ለምሳሌ 19 ቮልት፣ 3.42 አምፔር፣ የሚገጥም መሆኑን እዩ። ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፉ፦ ራሙ ስንት ነው፣ ዲስኩ ስንት ነው፣ የማይሠራው ምኑ ነው። "ባትሪው 20 ደቂቃ ብቻ ይቆያል" ብሎ የተጻፈበት ላፕቶፕ ያስደስተኛል፤ ምክንያቱም የሰጠው ሰው እንደሞከረው አውቃለሁ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ብዙ ጤነኛ ኮምፒውተሮችም ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ስለሌላቸው "አርጅተዋል" ተብለው እየተጣሉ ነው። አላረጁም። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ ቀለል ያለ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት)፣ ሉቡንቱን ወይም የሊኑክስ ሚንትን ኤክስኤፍሲኢ፣ ስትጭኑበት ለመጻፍ፣ ለማንበብና ለኢንተርኔት ይበቃል። የተነሡትን 7ቱን እንዲህ አድርገናቸዋል። ከሞቱት ደግሞ ራሙንና ዲስኩን እያወጣን ሌሎች 4 ገጣጠምን፤ በድምሩ 11።

የማይበራውንም መስጠት ይቻላል፣ ለሚገባው ሰው ግን። ጥገና የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎች የሞተ ኮምፒውተር ይወዳሉ፤ ተማሪው ሳይፈራ የሚፈታው እሱን ነው። ዲስኩንና ባትሪውን አውጥታችሁ "የማይሠራ፣ ለማስተማሪያ" ብላችሁ ስጡ። 3 የሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

የማይሠራውን "ስጦታ" ብሎ ድንበር ማሻገር ግን የሕግ ጣጣም አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው የባዝል ስምምነት ማሻሻያ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛ ያልተባለውም ጭምር፣ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ካልተስማማ እንዳይላክ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን እንዲህ ያለ ቆሻሻ አውጥቷል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው የት እንደገባ መገመት አያስቸግርም፤ አንዱ ክፍል የገባው "ተሰጥቶናል" ባሉት ሰዎች ዕቃ ቤት ነው።

ለሰብሳቢ ስትሰጡ

የቀረው ለመልሶ መጠቀም ሥራ ፈቃድ ላለው ድርጅት ነው የሚሄደው። አንዳንድ የኮምፒውተር አምራቾች የራሳቸውን ዕቃ ይቀበላሉ፤ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ። ሰብሳቢውን ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ባትሪው ከዚህ ወዴት ይሄዳል፣ የድሮውን ሞኒተር መስታወት ምን ታደርጉታላችሁ፣ ኬብሉን ታቃጥላላችሁ ወይስ ትልጡታላችሁ። ለሦስቱም ፈጥኖ የሚመልስ ሰው ሥራውን ያውቃል። "እሱ የኛ ጉዳይ ነው" ብሎ ከመለሰላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። አር2 ወይም ኢ-ስቲዋርድስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት ካለው ጥሩ ነው። ቦርዱን ብቻ መርጦ መስታወቱን ሊተውላችሁ የሚፈልግም ያጋጥማችኋል፤ ወይ ሁሉንም ወይ ምንም በሉት።

የመሥሪያ ቤት ዕቃ ከሆነ ከንብረት መዝገብ ላይ ሳይሰረዝ በር እንዳይወጣ። የርክክብ ወረቀቱ ላይ የእያንዳንዱ ማሽን ሴሪያል ቁጥር ይስፈር፤ ዲስኩ ተወግዶ እንደሆነም ከጎኑ ይጻፍ። የመሥሪያ ቤቱን ስም የያዘውን ስቲከር ላጡ።

በመጨረሻው ቀን 9 ዴስክቶፕ፣ 6 ላፕቶፕና ስድስቱ ሞኒተሮች ተጭነው፣ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን ይዘው ከመዝገባቸው ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመሩ። አራተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። "ይኼ ቁጥር የኛ አይደለም" አሉኝ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሁለት ሣጥን አውርደን ሦስተኛውን ከፈትን፤ ማሽኑን ገልብጠው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ተጠግተው አዩት። 8 ብዬ የጻፍኩት 3 ኖሯል።